የሐይቅ ዳር ሕንፃ በማን ፈቃድ ይሠራል? ከማዲሰን የ59 ዓመት ክርክር እስከ ጣና ዳርቻ

ባሕር ዳር ላይ የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ አንድ ክርክር በከተማዋ ነዋሪዎችም፣ ርቀው በሚኖሩ የጎጃም ተወላጆችም ዘንድ ደጋግሞ ይነሣል። አንዱ ወገን፣ የጣና ዳርቻ ብዙው ክፍል በአጥርና በግቢ ተከልሎ መኖሩን አስታውሶ፣ አሁን ለእግረኛ ሲከፈት ሥራውን በጥያቄ ማጓተት አይገባም ይላል። ሌላው ደግሞ ንድፉን ማን አየው፣ ማንስ ተጠየቀ፣ ከቦታው የሚነሣው ሰው ወዴት ይሄዳል ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም የሚሉት መሠረት አለው። ክርክሩ ፈቀቅ የማይለው ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ተቀላቅለው ስለሚነሡ ነው። ንድፉ ያምራል ወይ? ቦታው ተገቢ ነው ወይ? ገንዘቡን የሚከፍለውና ዳርቻውን የሚጠቀመው ሕዝብ ተስማምቷል ወይ?

ለመጀመሪያው ጥያቄ አዎ ያለ ሰው ሦስተኛውንም የመለሰ ይመስለዋል። የሦስተኛው መልስ ያስቆጣው ደግሞ የንድፉን ውበት መካድ ይጀምራል። እነዚህ ጥያቄዎች ተለያይተው ሲቀርቡ ምን እንደሚሆን፣ ሲቀላቀሉስ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍሉ የሚያሳይ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ አለ። እርሱም የሐይቅ ዳር ከተማ ታሪክ ነው።

በ1938 የተነደፈ፣ በ1997 የተከፈተ

ማዲሰን በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት ዋና ከተማ ናት (በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መሐል ከተማዋ ሜንዶታና ሞኖና በተባሉ ሁለት ሐይቆች መካከል ባለ ጠባብ መሬት ላይ ያረፈ ነው። ሞኖና 13 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሸፍነው ጣና አጠገብ ቢቀመጥ ኩሬ ይመስላል። ከተማዋ ከውሃው ጋር የነበራት ግንኙነት ግን ለባሕር ዳር ሰው እንግዳ አይደለም። ውሃው ቅርብ ነው፤ መድረሻው ግን ዝግ ነው። በማዲሰን መሐል ከተማውን ከሞኖና የለየው የባቡር ሐዲድ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጆን ኖለን የተባለ የከተማ ፕላን ባለሙያ የግዛቱን ምክር ቤት ሕንፃ ከሐይቁ ጋር የሚያገናኝ ሰፊ ጎዳና እንዲሠራ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ወረቀት ላይ ቀረ።

በ1938 ፍራንክ ሎይድ ራይት ንድፉን ይዞ መጣ። ራይት በዊስኮንሲን የተወለደ፣ በማዲሰን የልጅነቱን ጊዜ ያሳለፈና በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት የተማረ አርክቴክት ነው። ዕድሜው ሰባ ደርሶ፣ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ በፏፏቴ ላይ ባሠራው መኖሪያ ቤት ስሙ ዓለምን ያዳረሰበት ጊዜ ነበር። ለማዲሰን የነደፈው ሕንፃ ከጉብታው ጫፍ ተነሥቶ፣ የባቡር ሐዲዱን ከላይ ተሻግሮ፣ በግማሽ ክብ ቅርጽ ሐይቁ ላይ የሚዘረጋ ነው። በውስጡ የከተማው አስተዳደር፣ ፍርድ ቤት፣ እስር ቤት፣ የባቡር ጣቢያ፣ አዳራሽና የጀልባ ማረፊያ ይኖሩታል። እንዲህ ያለው የሕዝብ አገልግሎቶች በአንድ ቦታ የሚሰበሰቡበት ሕንፃ ሲቪክ ሴንተር ይባላል።

በዚያው ዓመት ጉዳዩ ለካውንቲው ምክር ቤት ቀረበ፤ ካውንቲ በእኛ አገር ከዞን ጋር ሊመሳሰል የሚችል አስተዳደር ነው። ንድፉ በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ። ሕንፃው ተሠርቶ በሩ የተከፈተው ሐምሌ 18 ቀን 1997 ነው። በመካከሉ 59 ዓመት አለፈ። ራይት ራሱ በሚያዝያ 1959፣ የመጨረሻዎቹን ሥዕሎች ፈርሞ ሳምንታት ሳይቆይ፣ በ91 ዓመቱ አርፎ ነበር።

ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት አዎንታ

የዚህን ታሪክ ዋና ነጥብ የያዘው 1954 ነው። በኅዳር ወር የማዲሰን መራጮች ስለ ሕንፃው ድምፅ ሰጡ። የተጠየቁት ሕንፃው ይሠራ ወይስ አይሠራ ተብለው በጥቅል አልነበረም። ለአዳራሽና ለሲቪክ ሴንተር ከተማው 4 ሚሊዮን ዶላር ይበደር ወይ? ቦታው የሞኖና ዳርቻ ይሁን ወይ? አርክቴክቱ ራይት ይሁን ወይ? ገንዘቡ፣ ቦታውና ሰውየው ለየብቻ ለሕዝብ ቀረቡ። ሦስቱም አለፉ።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን ማብራራት ያስፈልጋል። ሕዝበ ውሳኔ በእኛ ዘንድ የሚታወቀው በክልል ምሥረታና በመሳሰሉት ታላላቅ ጉዳዮች ነው። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ግን ከተማው ለአንድ ሕንፃ ከመበደሩ በፊት መራጩን መጠየቁ የተለመደ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ብድሩን ለብዙ ዓመት በንብረት ግብር የሚከፍለው ነዋሪው ነው። ቦንድ ደግሞ የብድር ሰነድ ነው። የጎጃም አንባቢ ቃሉን ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከሕዳሴ ግድብ ጋር ያውቀዋል። ልዩነቱ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ በግድቡ ጊዜ ዜጋው የተጠየቀው ቦንዱን እንዲገዛ ነበር። ማዲሰን ላይ ግን ዜጋው የተጠየቀው ከተማው ቦንድ እንዲሸጥ ይፈቅድ እንደሆነ ነው። በመጀመሪያው ሰው አበዳሪ ነው፤ በሁለተኛው ዋስ ነው።

ታዲያ ሦስቱም ካለፉ ሕንፃው ለምን አልተሠራም?

እንቅፋቶቹ

አንዱ እንቅፋት ራይት ራሱ ነበር። በ1909 ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ መሄዱ፣ በየቦታው ያልከፈለው ዕዳ፣ ጦርነትን በመቃወም የተናገረው፣ ከሰው ጋር ያለው አለመግባባት ሁሉ በትውልድ አገሩ ብዙ ጠላት አፍርቶለት ነበር። ዘ ካፒታል ታይምስ የተባለው የከተማው ጋዜጣና አዘጋጁ ዊልያም ኤቭዩ ለንድፉ ቆመው ሲሟገቱ፣ ሌሎች ለእንዲህ ያለ ሰው የሕዝብ ገንዘብ አይሰጥም ብለው ተነሡ። የታዋቂ ሰው ስም ደጋፊን እንደሚስብ ሁሉ ባላንጣንም እንደሚጠራ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

የሐይቁ ጉዳይ ግን ከሰውየው ጋር አይያያዝም፤ እኔም በተቃዋሚዎቹ ዘንድ በጣም ክብደት ያለው ሙግት ይህ ነው እላለሁ። ዳርቻው የሁሉም ነው፤ በአንድ ትልቅ ሕንፃ ከተያዘ አይመለስም። ካሮል ሜትዝነር የተባለ የግዛቱ ምክር ቤት አባልና የሕግ ባለሙያ በ1957 በዚያ ዳርቻ ከ20 ጫማ፣ ማለትም ከ6 ሜትር ገደማ በላይ ሕንፃ እንዳይቆም የሚከለክል ሕግ አስወጣ። ሕጉ በአጠቃላይ አነጋገር ይጻፍ እንጂ የታለመው ለአንድ ሕንፃ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር። በ1959 ተሻረ። ሁለት ዓመት ግን በከንቱ ሄደ፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት የግንባታ ዋጋ ከፍ አለ፣ አርክቴክቱም አረጀ።

ከዚያ ገንዘቡ መጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጨረታው ሲከፈት ተጫራቾች ያቀረቡት ዋጋ ከተፈቀደው እጅግ በለጠ። በ1961 ንድፉን የሚቃወሙት ሄንሪ ሬይኖልድስ ከንቲባ ሆኑ፤ በ1962 መራጩ እንደገና ተጠይቆ ፕሮጀክቱ እንዲቀር ወሰነ። የራይት ተማሪ የነበረው ዊልያም ዌስሊ ፒተርስ በኋላ ሰፋ ያለ አዲስ ንድፍ ቢያዘጋጅም እርሱም አልተሳካም። ከተማው በ1980 ሌላ ቦታ ላይ የባህል ማዕከል ከፈተ። ብዙ ሰው የሞኖናው ጉዳይ እዚያ ላይ ያበቃ መሰለው።

በ1990 ከንቲባ ፖል ሶግሊን ንድፉን ከመዝገብ ቤት አወጡት። ፍላጎቱ ተለውጦ ነበር፤ ከተማዋ ትልልቅ ጉባኤዎች የሚስተናገዱበት አዳራሽ እንጂ የባቡር ጣቢያና እስር ቤት አያስፈልጋትም። የውጭ ቅርጹ በራይት የመጨረሻ ንድፍ ተጠብቆ፣ ውስጡን ሌላው ተማሪው ቶኒ ፑትናም እንደገና ነደፈው። በኅዳር 1992 መራጩ አዎ አለ። ወጪው 67 ሚሊዮን ዶላር ሆነ፤ ከተማው፣ ካውንቲው፣ ግዛቱና ለጋሾች ተጋሩት። በጣሪያው ላይ ባለው አደባባይ ሰዎች ገንዘብ ሰጥተው የራሳቸውን ወይም የዘመዳቸውን ስም ያስቀረጹባቸው ንጣፎች አሉ። ሕንፃው የራይት ነው ወይስ የተማሪዎቹ የሚለው ክርክር እስካሁን አልቆመም።

መዘግየቱ ምን አስከፈለ?

ከ4 ሚሊዮን ወደ 67 ሚሊዮን የሚለው ንጽጽር ያስደነግጣል፤ እንዳለ መውሰድ ግን ትክክል አይደለም። የዶላሩን የመግዛት አቅም መቀነስ ብቻ ብናሰላ የ1954ቱ 4 ሚሊዮን በ1997 ወደ 24 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። የሕንፃው ይዘትም ተለውጧል። ይህ ሁሉ ተቀናንሶም የቀረው ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ሁለት ትውልድ ደግሞ ሕንፃውን ሳያይ አልፏል።

በአንጻሩ ሲድኒን እንመልከት። ዮርን ኡትዞን የኦፔራ ቤቱን ውድድር ያሸነፈው በ1957 ነው፤ ግንባታው በ1959 ተጀመረ። ፖለቲከኞች ሥራውን ያስቸኮሉት ጣሪያው በምን ብልሃት እንደሚቆም ስሌቱ ሳያልቅ ነው። በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይሠራል የተባለው ሕንፃ 102 ሚሊዮን ፈጅቶ በ1973 ተመረቀ። ኡትዞን በ1966 ከአዲሱ መንግሥት ጋር ተጣልቶ ሥራውን ለቀቀ፤ ሕንፃውን ተሠርቶ ሳያይ በ2008 ሞተ። ሲድኒ ዛሬ በዓለም ከታወቁ ሕንፃዎች የአንዱ ባለቤት ናት፤ ስለዚህ ችኮላው በመጨረሻ ጠቀመ የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ያ ዓይነት ወጪ በሎተሪ ገንዘብ የተቻለው ሀብታም አገር ስለሆነ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ስህተት የሚቀረው በግማሽ በቆመ ኮንክሪት ነው።

ወደ ጣና ስንመለስ

ክርክር ሥራ ያዘገያል የሚለውን ሙግት ለመመዘን የባሕር ዳርን ስታዲየም ማየት ይበቃል። ግንባታው በ2000 ዓ.ም. ተጀመረ። ይሠራ ወይስ አይሠራ ተብሎ ሕዝብ አልተጠየቀም፤ ዳርቻ ይጠበቅ ብሎ ሕግ ያወጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ሁሉም ወዶት ነበር። ሆኖም ለዓመታት ያለ ጣሪያ ቆመ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መስፈርቱን አያሟላም ብሎ አገደው፤ ብሔራዊ ቡድኑም ከጋና ጋር የነበረውን የሜዳውን ጨዋታ ጆሃንስበርግ ላይ ለማድረግ ተገደደ። ማዲሰን የዘገየችው በአደባባይ ነው፤ በእያንዳንዱ ዓመት ማን እንደከለከለና ለምን እንደከለከለ ተጽፎ ይገኛል። ስታዲየሙ የዘገየው በዝምታ ነው።

ለሌላው ወገንም ማስረጃ አለ። በባሕር ዳር በዓባይ ላይ የተሠራው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ ያለ ሕዝበ ውሳኔ ተገንብቶ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። ማንም ሊቃወመው አይችልም፤ አሮጌው ድልድይ የከተማውን ጭነት መሸከም እንዳቃተው የታየ ነበር፣ ቦታውንም መንገዱና ወንዙ ወስነውታል። እያንዳንዱ ሥራ ድምፅ ይሰጥበት ማለት ስለዚህ አያስኬድም። ድልድይ አማራጩ ጥቂት ነው። የሐይቅ ዳርቻ ግን ብዙ አማራጭ ያለውና አንዴ ከተያዘ የማይመለስ ነው። የደንገል ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ፣ ዓሣ አስጋሪው፣ ገዳማቱ፣ ሆቴል ባለቤቱና ምሽት ላይ ነፋስ ሊቀበል የሚወጣው ነዋሪ ሁሉም ከዚያ መሬት የየራሱን ይፈልጋል።

ሕጉ ይህን ያውቃል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 92ም አካባቢን በሚመለከት ይህንኑ ይደግማል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 እና የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም አሉ። የጎደለው መልስ የሚያስገድድ አሠራር ነው። ስብሰባ ጠርቶ ማሳወቅ ምክክር ተብሎ ይመዘገባል። ተሰብሳቢው አይሆንም ቢል ምን እንደሚከተል ግን የተጻፈ ነገር የለም። ክልሉ ባለፉት ዓመታት በገባበት ግጭት የተነሣ በነጻነት ተሰብስቦ መነጋገር ራሱ ከባድ መሆኑም መካድ የለበትም።

ጎጃም ግን ለዚህ ዓይነቱ አሠራር እንግዳ አይደለም። የትኛውም ደብር ቤተ ክርስቲያኑን ሊያድስ ሲነሣ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ያቋቁማል። በበዓል ቀን ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሕዝቡ በዐውደ ምሕረቱ ቆሞ ሳለ ከኮሚቴው አንዱ ወረቀት ዘርግቶ ያነባል፤ ይህን ያህል ቆርቆሮ፣ ይህን ያህል ከረጢት ሲሚንቶ፣ ለአናጢ ይህን ያህል፣ የቀረ ዕዳ ይህን ያህል። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ባለፈው የተገዛው ምስማር የት ደረሰ ብለው ይጠይቃሉ። ሥራው አንዳንዴ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ይፈጃል። ሰው ግን ስለት ማስገባቱን አያቋርጥም፣ ምክንያቱም የት እንደደረሰ ያውቃል።

ተቃራኒውም ምሳሌ እዚሁ አለ። በ1960 ዓ.ም. በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም የጎጃም አውራጃዎች ገበሬው በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ተነሣ። ከግብሩ መጠን ይልቅ ያስቆጣው የመሬት ግመታው ርስቱን ለመንጠቅ የመጣ ነው የሚል ሥጋት ነበር። የመለኪያው ዓላማ በሚታመን ሰው አፍ አልተነገረም፤ ክፍተቱን ወሬ ሞላው፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ።

ምን ሊከተል ይችላል?

አሁን ባለው አካሄድ ከቀጠለ የዳርቻው ሥራ በፍጥነት ይጠናቀቃል ብሎ መገመት ይቻላል፤ ተቃውሞው ግን አይጠፋም፣ ቦታውን ይለውጣል እንጂ። ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ ሹክሹክታ ይሆናል። ነዋሪው የኔ ያላለውን ሥራ ደግሞ አይጠብቀውም፤ የተሰበረ መብራትና የደረቀ ሣር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በሌላ በኩል የማዲሰንን መንገድ እንዳለ መቅዳት ለእኛ አደገኛ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ወደ ከመቶ ብር በላይ ወጥቷል። አሳንሰሩ፣ መስታወቱ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃው ከውጭ የሚገባ ሕንፃ መሠረቱ ተቆፍሮ አንድ ዓመት ክርክር ቢይዘው በጀቱ ይፈርሳል። ስለዚህ ክርክሩ መምጣት ያለበት ወረቀት ላይ ሳለ ነው። ንድፍ ማሠራት ከግንባታው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ መቅደድም ይቻላል። ሦስቱን ጥያቄዎች፣ ቦታውን፣ ገንዘቡንና ንድፉን፣ ለየብቻ በዚህ ደረጃ ማቅረብ አዲስ አዋጅ እንኳ አይጠይቅም፤ የከተማው ምክር ቤት በራሱ ውሳኔ ሊያደርገው ይችላል።

እንዴት ይቀርባል የሚለው ቀላል የሚመስል ግን ዋና ጉዳይ ነው። የሞኖና ሕንፃ ዛሬ ሲታይ ከመሐል ከተማው መንገድ ቀጥ ብሎ የሚሄድ እግረኛ ደረጃ ሳይወጣ ራሱን ጣሪያው ላይ ባለው የአትክልት ቦታ ያገኘዋል። ሕንፃው ከጉብታው በታች ስለተሰቀለ ሐይቁን ከመንገዱ አልጋረደም። ሐይቁ ይከለላል ለሚለው ሥጋት መልሱ ከመጀመሪያው ንድፉ ውስጥ ነበረ ማለት ነው፤ ብዙ ሰው ግን የአርክቴክት ሥዕል ማንበብ አይችልም፣ መቻልም አይጠበቅበትም። በስዊዘርላንድ ለዚህ ጥሩ ልማድ አላቸው፤ ሕንፃ ከመፈቀዱ በፊት በቦታው ላይ ረጃጅም ምሰሶ ተተክሎ የሕንፃው ዳርና ቁመት ለሁሉም እንዲታይ ይደረጋል። በጣና ዳር ባሕር ዛፍ አይጠፋም። አራት ማዕዘኑ ላይ አራት እንጨት ተክሎ፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ አሥሮ፣ ሥሩ ላይ ቁመቱን፣ ከውሃው ያለውን ርቀት፣ የሚነሡትን ቤቶችና የሚቆረጡትን ዛፎች ብዛት በአማርኛ ጽፎ አንድ ወር ማቆየት ይቻላል። በመንገድ የሚያልፈውም፣ በታንኳ የሚመለሰውም ያየዋል።